የታማሚው ቃል በካርዱ ላይ የለም

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት እናቱን ይዞ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ተረኛው ሐኪም ወጣትና ትሑት ሰው ነው። «እማማ፣ ምንዎትን ያምዎታል?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም መዳፋቸውን ከደረታቸው አጥንት ግርጌ አሳርፈው፣ «ልቤ ላይ ጫን ይለኛል ልጄ፤ ዳገት ስወጣ ይይዘኛል፤ ቁጭ ስል ይለቀኛል» አሉት። ሐኪሙ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ በካርዱ ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈ፤ ትርጓሜያቸው «የላይኛው ሆድ ሕመም» ማለት ነው። የጨጓራ መድኃኒትም ታዘዘላቸው። በደጅ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነበርና በሐኪሙ አንፈርድም። በሦስተኛው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ካርዱን ወደ ጎን አድርገው ከመጀመሪያው ጀምረው ጠየቋቸው። ዳገቱን ሲሰሙ ብዕራቸውን አቆሙ፤ ወደ ልብ ምርመራም ላኳቸው። ሕመሙ የልብ ነበር።

ይህን ያነሣነው ስለ ሐኪሞች ለመናገር አይደለም፤ ስለ ኮምፒዩተር ለመናገር ነው። ያ የመጀመሪያው ካርድ ነገ ከሌሎች አእላፍ ካርዶች ጋር ለማስተማሪያነት ወደ ማሽን ቢገባ፣ ማሽኑ ከእርሱ ምን ይማራል? የእኚህን እናት የመሰሉ ሴቶች ጨጓራቸውን እንደሚታመሙ ይማራል። ዳገቱን አይማርም፤ ዳገቱ በካርዱ ላይ የለምና።

ዲፕ ለርኒንግ የሚባለው፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጥልቅ ትምህርት» የምንለው ዘዴ (የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን ደስ ይለናል) በመሠረቱ ሒሳብ ነው። ቀላል የሒሳብ ክፍሎች በብዙ ንብርብር ይደራጃሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ ካለው ንብርብር ቁጥሮችን ይቀበላል፤ እያንዳንዱን ቁጥር «ክብደት» በሚባል ሌላ ቁጥር ያባዛል፤ ይደምርና ወደ ላይ ያስተላልፋል። በመጀመሪያ ክብደቶቹ በዘፈቀደ የተሰጡ ስለሆኑ መረቡ የሚሰጠው መልስ የማይረባ ነው። ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይነገረዋል፤ የስሕተቱ መጠን ይሰላል፤ ስሕተቱም ከላይ ወደ ታች በየንብርብሩ እየተከፋፈለ እያንዳንዱ ክብደት በጥቂቱ ይታረማል። ይኸው እልፍ ጊዜ ይደጋገማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍራንክ ሮዘንብላት ፐርሴፕትሮን የተባለውን መማር የሚችል መረብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ስሕተትን ወደ ኋላ እያከፋፈሉ የማረሙን ስሌት ዴቪድ ሩመልሃርት፣ ጂኦፍሪ ሂንተንና ሮናልድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አቀረቡት። ዓለም በአድናቆት የተመለከተው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሜጅኔት በተባለው የሥዕል መለየት ውድድር አንድ ጥልቅ መረብ ተፎካካሪዎቹን በሰፊ ልዩነት በበለጠ ጊዜ ነበር። ሂንተን ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ፊዚክስ መሆኑ በፋኩልቲያችን የሻይ ሰዓት ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ከላይ ባለው ገለጻ ውስጥ ያለፈችውን አንዲት አጭር ሐረግ ነው፤ «ትክክለኛው መልስ ይነገረዋል» የምትለውን። የሚነግረው ማን ነው?

በሕክምና ዘርፍ ብዙ ከተነገረላቸው ሥራዎች አንዱን እንመልከት። የስኳር ሕመም ሲቆይ በዓይን የውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ካልተደረሰበትም ያሳውራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ጉዳት ከፎቶግራፍ የሚለይ መረብ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተሙ። ውጤቱ ከዓይን ሐኪሞች ጋር የሚወዳደር ነበር። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ማሽኑ ብልሃት ነው። እኛን የገረመን ግን ከበስተ ጀርባው ያለው የሰው ድካም ነው። 128,175 ፎቶግራፎች ተሰብስበዋል፤ እያንዳንዳቸውም ከ3 እስከ 7 ጊዜ ታይተው ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ሥራው የተከፋፈለው በ54 የዓይን ሐኪሞችና በትምህርታቸው ማብቂያ ላይ በነበሩ የዘርፉ ሠልጣኞች መካከል ነበር። ብዙ ጊዜ የታየበትም ምክንያት ሐኪሞች በአንድ ፎቶግራፍ ላይ እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ ነው። «ትክክለኛው መልስ» ከሰማይ አልወረደም፤ በሰው ጉልበት የተሠራ ነው።

መልሱ በትክክል ከተሠራም በኋላ ማሽኑ የተማረው እኛ የፈለግነውን ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ፕሎስ ሜዲሲን» ላይ በወጣ ጥናት፣ በደረት ራጅ የሳንባ ምችን እንዲለይ የሠለጠነ መረብ ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ያለ ስሕተት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ መለየት እንደሚችል ተደርሶበታል። ከሆስፒታሎቹ በአንዱ የሳንባ ምች ታማሚ እጅግ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሆስፒታሉን ማወቅ ብቻውን ለመገመት ይረዳል፤ ሳንባውን በደንብ ማየት ግድ አይሆንም። የፈተናውን ወረቀት ቀለም አይቶ መልሱን የሚገምት ተማሪ ማለት ነው። ይህ ተማሪ ትምህርት ቤት በቀየረ ዕለት ይጋለጣል፤ መረቡም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ውጤቱ በአብዛኛው ቀንሷል።

የዓይኑ መረብም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በዚያ ከተነሡት 1,838 ፎቶግራፎች ውስጥ 21 ከመቶ የሚሆኑትን ማሽኑ «ጥራታቸው አይበቃም» ብሎ አልተቀበላቸውም። ምክንያቱ የሚያስገርም አይደለም። ነርሶቹ ፎቶግራፉን የሚያነሡት ብርሃኑ በማይጠፋ ክፍል ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔቱም ቀርፋፋ ነው። ፎቶግራፉ የተጣለበት ታማሚ ሌላ ቀን ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ይነገረዋል። ከጤና ጣቢያ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል ያለውን መንገድ የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የደረት ራጅን በኮምፒዩተር አስነብቦ የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጣሪዎችን መለየት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደሚቻል ሲፈቅድ፣ «ተጠርጣሪ» የሚያሰኘው ነጥብ በየአገሩ ሁኔታ ተመርምሮ እንዲወሰንም መክሯል። ይህን ምክር በደስታ እንቀበለዋለን። ነቀርሳ ለሚያስቸግራትና የራጅ አንባቢ ሐኪም ለሚያጥራት ለእኛ አገር መሣሪያው ጥቅም እንዳለው አንጠራጠርም።

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ ሥዕል ናቸው። ሳንባ ደሴም ይሁን ባንኮክ ሳንባ ነው። ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ የእኛም እውነተኛ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አማርኛን ለኮምፒዩተር ለማስተማር የተደረገው ጥረት ዛሬ አልተጀመረም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የ100 ሰዎችን ድምፅ የያዘ፣ 10,850 ዐረፍተ ነገሮች የተነበቡበት፣ 20 ሰዓት ገደማ የሚሆን የአማርኛ የንግግር ስብስብ ተዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል ባለሙያዎች 1,065 የዋልታ ዜናዎችን፣ 210,000 ያህል ቃላትን፣ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል እያሉ አንድ በአንድ ለይተዋል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች የቆሙት በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ልዩነቱን ለማየት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መረብ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የእንግሊዝኛ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሐኪም፣ ሀኪም፣ ኀኪም ብለን ብንጽፍ ሰው አንድ ቃል ያነባል፤ ማሽኑ ግን ካልተነገረው ሦስት ቃል ያያል። ይህ ቀላሉ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ስለዚህ «ይበላል» የሚለው ታማሚው ምግብ መብላቱን ይንገረን ወይም አንድ ነገር መበላቱን፣ ከፊደሉ ብቻ አይታወቅም። «ዓይኔን ይበላኛል» ሲባል ደግሞ የሚበላም የሚበላም የለም፤ ማሳከክ ነው። አፍራሹም ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። «የታከመ» እና «ያልታከመ» የሚለያዩት በጠባብ ቦታ ነው፤ በሕክምና ግን በሁለቱ መካከል የሰው ሕይወት አለ።

ዛሬ ያሉት ትልልቅ የቋንቋ መረቦች አማርኛን ከአሥር ዓመት በፊት ባልተጠበቀ ደረጃ ይጽፋሉ። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን ደግሞ በ2022 ነው። «እንግዲህ ችግሩ ተፈትቷል» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። እኛ አይመስለንም። እነዚህ መረቦች የተማሩት ከተጻፈ አማርኛ ነው። የተጻፈው አማርኛ ደግሞ በብዛት ዜና፣ ሃይማኖታዊ ጽሑፍና የፖለቲካ ክርክር ነው። ሰው በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሕመሙን የሚናገርበት አማርኛ አልተጻፈም።

ያ አማርኛ እጅግ የበለጸገ ነው። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ከንፈሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ትኩሳት ይዞት ዳማከሴ ሲፈልግ ይገኛል፤ «የሳንባ ምች» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕፃን ይገድላል። «የወፍ በሽታ» ከወፍ ጋር አይገናኝም፤ የዓይን ቢጫ መሆን ነው። «አልማዝ ባለ ጭራ» የሴት ስም የሚመስለው ላላወቀ ነው። «መጋኛ» ምን እንደሆነ ለመግለጽ ሦስት ሰው ብንጠይቅ ሦስት ዓይነት መልስ እናገኛለን። «ልቤን» የሚል ሰው አንዳንዴ ልቡን፣ አንዳንዴ ጨጓራውን፣ አንዳንዴም ኀዘኑን ነው የሚናገረው። ከዚያም ስም የሌላቸው ግን ሁሉም የሚያውቃቸው አሉ፤ ጭው ይልብኛል፣ ዥው ያደርገኛል፣ ድክም ድክም ይለኛል፣ ሽቅብ ሽቅብ ይለኛል፣ ይወረኛል። እነዚህ ቃላት ለሐኪም ምልክት ናቸው። «ዥው ያደርገኛል» ባዩና «ጭው ይልብኛል» ባዩ በካርዱ ላይ ሁለቱም «ማዞር» ተብለው ይጻፋሉ፤ ሁለቱን የሚለየው ነገር ጽሑፍ አይደርስበትም።

ይህ ችግር በአገር ውስጥ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእስራኤል ክሊኒኮች ለኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ቋንቋን ብቻ ሳይሆን አገላለጽንም የሚያስረዱ አገናኞች ያስፈለጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ታማሚው በቋንቋው ይናገራል፣ ሐኪሙ በልቡ ይተረጉማል፣ ወደ መዝገብ የሚገባው ትርጉሙ ብቻ ነው። ዋናው የሕመም ስሜት በታማሚው በራሱ ቃል ይመዝገብ የሚለው ምክር በሕክምና ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቃል ግን የእኚያ እናት ቃል ሊሆን አይችልም። አንዳንዶች «የእንግሊዝኛውን ካርድ በማሽን ወደ አማርኛ እንመልሰው» ይላሉ። ሲጻፍ የጠፋው ሲተረጎም አይመለስም። ዳገቱን የሚመልሰው የትኛው አስተርጓሚ ነው?

የተሳሳተ «ትክክለኛ መልስ» የሚያመጣውን ጉዳት ሌሎች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ ተጨማሪ እንክብካቤ የሚያሻቸውን ታማሚዎች ለመምረጥ በስፋት የሚሠራበት አንድ ስሌት ጥቁሮችን ሲበድል ተገኝቷል። ስሌቱ የሕመምን ክብደት የሚለካው ለታማሚው በወጣው ገንዘብ ነበር። ለጥቁሮች የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለሆነ ሕመማቸው የቀለለ መሰለ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ በመዝገቡ ውስጥ የተገኘው ቁጥር ያ ስለነበር ብቻ ነው። በእኛ መዝገብ ውስጥ የሚገኘውም «የላይኛው ሆድ ሕመም» ነው።

ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ለመሣሪያ ከማውጣታችን በፊት አንድ መሥመር እንጠይቃለን። በካርዱ ራስጌ፣ ታማሚው በተናገረበት ቋንቋ፣ እንደ ተናገረው የሚጻፍ አንድ መሥመር። እንግሊዝኛው ይቅር አንልም፤ ሐኪም ለሐኪም የሚያስረክብበት ቋንቋ ነውና ከበታቹ ይቀጥል። መሥመሩን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ የሚበቃ ይመስለናል። ለሐኪሙ ከበዛበት በትምህርት ሆስፒታሎች ተለማማጆች አሉ፤ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሲንከራተቱ በየዓመቱ እናያለን። መጀመሪያ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ደረትና ሆድን ለሚያማቸው ብቻ ቢሞከር ይበቃል። በመጨረሻ በምርመራ የተረጋገጠው በሽታ ከዚያች መሥመር ጋር ይያያዝ፤ ጥርጣሬ ያለበትን ደግሞ እንደ ዓይኑ ጥናት ሦስት ሐኪሞች ተለያይተው ይዩት። ያኔ ለማሽን የሚነገር «ትክክለኛ መልስ» ይኖረናል።

ሁለት ነገሮች ያሳስቡናል። አንደኛው ምስጢር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ጋር መድቦታል። የታማሚው ፈቃድ ሳይጠየቅ አንዲትም መሥመር ከሆስፒታል መውጣት የለባትም፤ ፈቃዱም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት እንጂ በወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አስነክሮ አይደለም። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ይህን ሁሉ በአማርኛ ብቻ ብንሠራ፣ እንግሊዝኛ በእኛ ላይ ያደረገውን እኛ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ ተናጋሪው ላይ እናደርገዋለን። ለዚህ የተሟላ መፍትሔ አለን አንልም። መሥመሩ «በአማርኛ» ሳይሆን «ታማሚው በተናገረበት ቋንቋ» ይሁን ያልነው ግን ስለዚሁ ነው፤ ጸሐፊው ቋንቋውን የማይችል ከሆነ ድምፅ መቅዳትም ይቻላል።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ በየቤታችንና በየሰፈራችን የምንሰማቸውን የሕመም አገላለጾች፣ የተናጋሪውን ስም ሳንይዝ፣ በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀምረናል። ደብተሩ ገና ከግማሽ አልደረሰም። «ትር ትር ይለኛል» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ተናጋሪ ይህን ሲል እጁ ደረቱ ላይ ነበር፣ የሌላዋ ጣት ግን የዓይኗ ቆብ ላይ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቃል አጠገብ እጅ የት እንዳረፈ የሚጻፍበት ዓምድ ጨምረናል።